የተፋቁት ቤት መምቻዎች

ገጣሚው ጠዋት የተገኘው ጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ነው። አጠገቡ ባዶ የወተት ብርጭቆ፣ ከክርኑ ሥር ደግሞ በገዛ እጁ የጻፋቸው ሁለት መስመሮች ነበሩ፦

«ደህና ሁን ግቢዬ፣ ደህና ሁን በራፌ፣
ከእንግዲህ አልመጣም ከወጣሁ አልፌ።»

ሐኪሙ ከብርጭቆው አተላ የእንቅልፍ ክኒን አገኘ። ሰፈሩም «ራሱን አጠፋ» ብሎ ፈረደ፤ ሰፈር መቼ ለመፍረድ ይቸግረዋል! «ወስፌ» የሚሏት መርማሪ ግን ወረቀቱን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች።

የሟች ሴት ልጅ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትደቃለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት! መካኒክ አታገቢም ቢለኝ፣ ‹አንተም አባት አይደለህ› ብዬው ወጣሁ። ይኸው ወር ሆነኝ።»

«ሲጽፍ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«ኧረ በሩን ዘግቶ ነው! ከአጎቴ በቀር ማንን ያስገባል?»

መርማሪዋ ወረቀቱን እንደገና አየችው። ይቺ ልጅ ይህን ጸጸት ተሸክማ ዕድሜዋን ልትገፋ ነው።

አጎትየው የሟች ታናሽ ወንድም ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የወንድሙን ረቂቅ በንጹህ ወረቀት እየገለበጠ ለዘፋኞች ሲያደርስ የኖረ።

«ወንድምዎ ግጥም ሲጽፉ እንዴት ነበር?»

«እንዴት ይሆናል? እንደ ሰው ነዋ፤ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች።»

መርማሪዋ መሳቢያውን ከፍታ ረቂቆቹን አንድ በአንድ አየች።

ቀጥላ የገጣሚውን ደንበኛ፣ ዘፋኟን አነጋገረች።

«ትናንት ደውሎልኝ ነበር» አለች ዘፋኟ። «‹ወንድሜ የራሱ እያስመሰለ ስለሰጠሽ ግጥሞቼ የምነግርሽ አለ፣ ነገ ነይ› አለኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ሟች ቤት መምቻዎቹን አስቀድመው በእርሳስ ዳር ላይ ይደረድራሉ፤ ከዚያ መስመሩን በብዕር ይሞላሉ። መሳቢያው ሙሉ እንዲሁ ነው። እዚህም ‹በራፌ› እና ‹አልፌ› በእርሳስ ናቸው። ከእነሱ በታች ያለው ዳር ግን በላጲስ ተፍቋል። በብርሃን ሲያዘነብሉት የእርሳሱ ዱካ ይነበባል፦ ሙሽራው፣ አደራው፤ ልጄን፣ እጄን።»

ልጅቷ ቀና አለች።

«ከቤቷ የምትወጣ ሙሽራ ናት የምትሰናበተው። ቀጥሎ አባቷ ሊመልስላት ነበር። የሠርግሽን ዘፈን እየጻፈልሽ ነው የሞተው፣ የኔ እህት።»

ከዚያ ወደ አጎትየው ዞረች።

«ሌላ ሰው ቢሆን እነዚያን ቃላት ተራ ዝርዝር መስለውት ይተዋቸው ነበር። የዳር ቃል ገና ያልተጻፈ መስመር መሆኑን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ እሱንም ዋሹኝ። ቃላቱን የፋቁት ስንኙ ራሱን ያጠፋ ሰው ስንብት እንዲመስል ነው። ወንድምዎ ግጥሞቻቸውን መስረቅዎን ዛሬ ሊያጋልጡ ነበር። ወደዚያ ክፍል ወተት ይዞ የሚገባስ ከእርስዎ ሌላ ማን አለ?»

አጎትየው ጮኸ።

«ሃያ ዓመት ስገለብጥ፣ አንድ ሰው ‹አንተስ ምን ጻፍክ?› አላለኝም!»

በር ላይ የቆሙት ፖሊሶች ይዘው አስወጡት።

«ከታረቀኝ ታዲያ ለምን አልደወለልኝም?» አለች ልጅቷ።

ዘፋኟ አንገቷን ደፋች። «ትናንት ‹ለልጅህ ደውልላት እንጂ› ብዬው ነበር። ‹የያዝኩትን ሳልጨርስ፣ ባዶ እጄን?› አለኝ። ምን እንደያዘ አልገባኝም።»

ልጅቷ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ባዶ እጅህን ብትደውልስ፣ አባዬ! ምን ነበረበት? ባዶ እጅህን ብትደውልልኝስ!»