መንገድ ላይ ናት

ሲብረን ፍሪስላንድ በሚባል ቦይ የበዛበት የአውሮፓ ክፍለ ሀገር የቦይ ድልድይ ጠባቂ ነበር። ሚስቱ በወጣትነቷ ስለሞተችበት አንዲት ልጁን ኒንከን እናትም አባትም ሆኖ አሳደጋት። ጀልባ በመጣ ቁጥር ድልድዩን እያነሳ፣ በክረምት ጣቱ እየደነዘዘ ዩኒቨርሲቲ አስገባት፤ እሷም የአንጎልና የነርቭ ሳይንስ ተማረች። ጎረቤት «ስትጨርስ ምን ትሆናለች?» ብሎ ሲጠይቀው፣ መልሱን ስለማያውቀው «የማትሆነው ነገር የለም» እያለ ይኮራ ነበር።

የተመረቀች ዕለት ባንዲራ ሰቀለና ከዘንጉ ጫፍ ላይ የድሮ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አንጠለጠለ። በአገሩ ልማድ ይህ የሚደረገው ሁለተኛ ደረጃን ላጠናቀቀ ልጅ ነው፤ ለእሷም ያኔ ተደርጎላት ነበር። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። «እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ልትገቢ ነው፣ ልጄ» አላት። ኒንከ አልሳቀችም። ያን ሁሉ ዓመት በመጽሐፍ ያጠናችው የመርሳት በሽታ የገዛ ቤቷ ገብቶ ነበር... ምነው ሌላ ነገር ተምራ በሆነ!

ትምህርቷ ብዙ በር ከፈተላት። የመድኃኒት ኩባንያ ፈለጋት፤ በቅርብ ከተማ ያለ ክሊኒክም በትንሽ ደመወዝ፣ ማታ ማታ ከአባቷ ጋር እራት እየበላች እንድትሠራ ጠየቃት። ስዊድን ያለ ቤተ ሙከራ ደግሞ ስለዚሁ በሽታ እንድትመራመር ጠራት። መምህሯ መድኃኒት በአንድ ሰው ዕድሜ እንደማይደርስ ሳይደብቅ ነግሯት ነበር። እሷ ግን «መድኃኒትህን ይዤ እመጣለሁ፣ አባዬ» ብላ ሄደች።

እዚያ የአይጥ አንጎል በስሱ እየቆረጠች ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ ትውላለች። ዓይኗ ደከመ፣ ወገቧ ደከመ፣ ተስፋዋም ደከመ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሂልከ ደውላ ሲብረን አረጋውያን መጦሪያ መግባቱን ነገረቻት። «ኒንክዬ፣ ሳይረሳሽ ድረሺ» አለቻት። ኒንከ «ይቺ ሙከራ ትለቅ» አለች። ከዚያች በኋላ ሌላ መጣች፤ ከሌላዋ በኋላም ሌላ...

በመጨረሻ ስትደርስ አባቷን መስኮት ዳር ተቀምጦ አገኘችው። ቀና ብሎ አያት፤ ከነርሶቹ አንዷ መሰለችው።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አላት። «ልጅ አለችኝ። ሰው አገር ስለ አንጎል ትማራለች፤ ለእኔ ብላ ነው የምትንከራተተው። መድኃኒቱ ይቅር፣ መልኳ ሳይጠፋብኝ ትምጣ በያት።»

እኔ ነኝ ብትለው ምን ትጠቅመዋለች? ታስደነግጠው ይሆናል እንጂ።

«እነግራታለሁ፤ እርስዎ አይጨነቁ» አለችው።

«ትመጣለች?»

«መንገድ ላይ ናት።»

ደስ አለው፤ ወደ መስኮቱም ዞረ። በዚያው ሰሞን አረፈ።

ዕድል እንዲህ ናት፤ ለአንዳንዱ በር ሁሉ ትከፍትለትና የሚገባበትን ሰዓት ትነሳዋለች። መድኃኒቱ ዛሬም አልተገኘም፤ ኒንከም ፍለጋዋን አልተወችም። ሲብረን እስከ መጨረሻው ልጁን አልረሳም፤ የጠፋበት መልኳ ብቻ ነበር። ይህ ያጽናናታል ወይስ ያቃጥላታል? እሷም አታውቀውም።