ውስጡ ያልተቀባ ሳጥን

ሆሳዕና በየነ በአባቷ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ብዙ ዓይነት ደንበኛ አይታለች። አልጋ የሚያዝዝ ሙሽራ፣ ቁምሳጥኑ ለምን ተጣመመ ብሎ የሚጨቃጨቅ አከራይ፣ የጸሎት ቤት መድረክ የሚያስለካ ሽማግሌ። ባልዲ ታቅፎ የመጣ ደንበኛ ግን እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ አላየችም።

ኮልፌ ያን ጠዋት እንደ ልማዷ ትጮሃለች። ከወዲያ የበር ሠሪዎቹ ብረት፣ ከወዲህ የእነሱ መጋዝ። ልጁ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሁለት ጊዜ ተናገረ፤ ማንም አልሰማውም። በሦስተኛው ሆሳዕና ማሽኑን አጠፋችና ዞረች።

«ሳጥን ፈልጌ ነበር» አላት። ረጅም፣ ጠይም፣ ፊቱን ፀሐይ የመታው ልጅ ነው። አውራ ጣቱ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

«ለምን የሚሆን?»

«ለእነዚህ» ብሎ ባልዲውን አዘነበለላት።

ሆሳዕና ጎንበስ ብላ አየች። ባልዲው ሙሉ ትናንሽ ዓሣ ነው! ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ብርማ፤ አንዳንዱ ከእንጨት፣ አንዳንዱ ከፕላስቲክ፣ አንዳንዱ እንደ ማንኪያ ከሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ የተሠራ። ሁሉም መንጠቆ አላቸው፤ ሁሉም እርስ በርስ ተያይዘው አንድ ትልቅ እሾሃማ ኳስ ሆነዋል።

«ማባበያ ይባላሉ» አለ ልጁ። «ዓሣው የእውነት መስሎት ይነክሳቸዋል። እኔ እንግዶችን ወንዝ እየወሰድኩ ዓሣ አስጠምዳለሁ።»

«እና እንዲህ ነው የምታስቀምጣቸው?»

«እሱ ነው እኮ ጉዱ!»

አንዱን ላውጣ ብላ እጇን ሰደደች። አወይ ችኮላ! መንጠቆው የሹራቧን እጅጌ ያዘ። ልጁ ሊያላቅቃት ሲጠጋ ሌላው መንጠቆ የእሱን እጅጌ ያዘ። ክንድ ለክንድ ተሳስረው ቆሙ።

«አትንቀሳቀሺ» አላት ቀስ ብሎ።

አልተንቀሳቀሰችም። ጣቶቹ ከክሩ ውስጥ መንጠቆውን ሲፈልጉ እሷ ሽፋሽፍቱን ስታይ ቆየች። «ደግሞ ርዝመቱ!» ብላ አሰበች፤ ወዲያው በራሷ አፈረች። ከመጋዙ ማዶ አባቷ አቶ በየነ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ያዩአቸዋል።

«እኔ የማውቀው ዓሣ ወንዝ ዳር ሲጠመድ ነው» አሉ።

ሆሳዕና በሳቅ ፈረሰች። ልጁም ሳቀ። ደግፌ እባላለሁ አለ።

አቶ በየነ በነገር አይቸኩሉም፤ በጥያቄ ግን ይቸኩላሉ። «የማን ልጅ ነህ? የትስ ነው የምታመልከው?» ሲሉት ደግፌ ሳይደናገጥ መለሰ። ቤተሰቦቹ ከካፋ መጥተው ኮልፌ ገበያ ውስጥ ቅመምና ማር ሲነግዱ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። የሚያመልከው አየር ጤና አጠገብ ካለች ትንሽ ጸሎት ቤት ነው። አቶ በየነ ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደሚሠሩት አልጋ ተመለሱ።

ለሆሳዕና ግን ዋናውን ነገራት። ባለፈው ጉዞ ግቤ ወንዝ ዳር አንድ ትልቅ አምባዛ ብቅ ሲል እንግዳው «ቶሎ በል!» አለው። ደግፌ ቦርሳው ውስጥ እጁን ቢከት አሥራ ሦስት ማባበያ ተያይዞ ወጣ፤ አሥራ አራተኛው አውራ ጣቱ ውስጥ ገባ። አምባዛው አልጠበቃቸውም። የጉዞ ቢሮው ባለቤት ወይዘሮ ዘነበወርቅ ይህን ስትሰማ ቁርጡን ነገረችው። እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ዕቃውን በሥርዓት አደራጅቶ ካሳያት ቋሚ አስጎብኚ ይሆናል። ካልሆነ ሌላ ሰው ትቀጥራለች።

«ካልሆነስ ምን ታደርጋለህ?»

«ቦንጋ ያለው አጎቴ ጋሽ ኃይለመስቀል የውሃ ጨዋታህን ተውና ሱቄን ያዝ ብሎኛል። ቃል ገብቼለታለሁ። ቅዳሜ ካልተሳካልኝ እሑድ ጠዋት እሄዳለሁ፣ በቃ።»

ሆሳዕና ልቧ ስንጥቅ አለ። ካወቀችው ግማሽ ሰዓት የማይሞላው ሰው ቦንጋ ሄደ አልሄደ ምን አገባት? ለምን እንደከፋት ለራሷም አልገባትም። ኧረ ገብቷታል።

ረቡዕ ሁለቱ ሥራ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው በፒንሳ ማባበያ ሲፈቱ ዋሉ።

«በቀለም እንለያቸው» አለች ሆሳዕና። «ቀይ ከቀይ፣ አረንጓዴ ከአረንጓዴ። ሲከፈት ያምራል።»

«ዓሣ ለውበት አይመጣም እኮ! ይኸውልሽ፣ እነዚህ ይንሳፈፋሉ። እነዚህ እስከ መሀል ይወርዳሉ። እነዚህ ታች ጭቃው ድረስ ይሰምጣሉ። እኔ ወንዙን አይቼ ነው የማነሳው።»

ሆሳዕና ከጆሮዋ ላይ እርሳሷን አወረደችና ጣውላው ላይ መሣል ጀመረች። ሦስት መሳቢያ፤ የሚንሳፈፉት ላይ፣ የሚሰምጡት ታች። እያንዳንዱ ማባበያ በየራሱ ክፍል፣ መንጠቆው ቀጭን ዘንግ ላይ ተሰቅሎ፣ ማንም ማንንም እንዳይነካ። ከሥሩ ውሃ የሚያወርድ ቀዳዳ፤ እርጥብ መንጠቆ ታፍኖ ካደረ ይዝጋልና።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?» አለ ደግፌ ዓይኑ በርቶ።

«አንተ ነሃ፣ አሁን!»

ሐሙስም መጣ። ዓርብም መጣ። ጣውላ ያዝልኝ ስትለው ይይዛል፤ ልቀቅ ስትለው ግን ቶሎ አይለቅም። ስለ ወንዝ ሲያወራ እጁ አብሮ ያወራል። እሷ ስለ እንጨት ስታወራ ደግሞ ዝም ብሎ ያያታል፤ ያን ጊዜ የምትናገረው ይጠፋባታል። እናቷ ወይዘሮ ብዙነሽ ምሳ ሲያመጡላቸው የሁለቱም ዳቦ ሳይነካ ጠበቃቸውና «እናንተ ጾም ይዛችኋል እንዴ?» ብለው አሽሟጠጡ።

ዓርብ ከሰዓት ሳጥኑ አለቀ። ደግፌ ማባበያዎቹን ትቶላት ወደ ቤቱ ሲሄድ አንድ ነገር አደራ አላት። ኋላ ያመጣቸውን፣ ትል የሚመስሉትን ለስላሳ የጎማ ማባበያዎች ከየከረጢታቸው እንዳታወጣ፤ ሌላ ነገር ሲነካቸው ይቀልጣሉና። ሰምታለች። ግን ደስታ ጆሮን ይደፍናል። አባቷ ደግሞ ሳይቀባ የወጣ ዕቃ ራቁቱን እንደወጣ ሰው ነው እያሉ ነው ያሳደጓት። ስለዚህ ውጭውንም ውስጡንም በቫርኒሽ አሳምራ ቀባችው። ቫርኒሹ እጅ ላይ አልጣበቅ ሲል ለስላሳዎቹን ከየከረጢታቸው አውጥታ በቀለም በቀለም ደረደረቻቸው። ቅዳሜ ጠዋት ሲያያቸው የሚሆነውን እያሰበች ብቻዋን ፈገግ አለች።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደግፌ ክዳኑን ከፈተ።

ትሎቹ ቀልጠዋል። ቀዩ ከአረንጓዴው፣ አረንጓዴው ከቫርኒሹ ጋር ተጣብቆ የታችኛው መሳቢያ ወለል እንደ ሙጫ ያብለጨልጫል። አንዱን ቢስበው እንደ ማስቲካ ተለጠጠ።

«እኔ ነኝ» አለች ሆሳዕና። «እንዳታወጪ ብለኸኝ አወጣሁ። ውስጡንም ቀባሁት። እኔ ነኝ።»

ደግፌ ጣውላ ክምሩ ላይ ተቀመጠ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«ይሁን» አለ በመጨረሻ። «ምናልባት የእግዚአብሔር መልስ ይሆናል። ቦንጋ ሂድ እያለኝ ይሆናል።»

ሆሳዕና ደሟ ፈላ።

«እኔ ያበላሸሁትን በእግዚአብሔር አታሳብ! እሱ ቫርኒሽ አልቀባም! ተነስ!»

ደግፌ ደንግጦ ተነሳ። መሳቢያውን ጎትታ አወጣችና መሮዋን አንስታ የቀለጠውን መፋቅ ጀመረች። እጇ ይሮጣል። ደግፌ በብርጭቆ ወረቀት ተከተላት። ነገሩን ከማዶ ሲሰሙ የነበሩት አቶ በየነ ዛሬ ማስረከብ ያለባቸውን አልጋ ተዉና መጡ። ሁለተኛውን መሳቢያ ወስደው ውስጡን መላግ ያዙ። ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሆነ። ቫርኒሹ እየተላጨ ወደቀ፤ ነጩ እንጨት ብቅ አለ። ከለስላሳዎቹ ግማሹ ብቻ ተረፈ። እሱንም በየከረጢቱ መልሰው አቆሙት።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ ውስጥ ነበሩ። ሳጥኑ ሆሳዕና ጭን ላይ፣ የደግፌ እጅ ክዳኑ ላይ። መንገዱ ተዘጋጋ። ሁለቱም ሰዓት ሰዓት ያዩ ነበር፤ ትከሻቸው ግን ከመጀመሪያው ፌርማታ ጀምሮ ተነካክቶ ነበር፣ ማንም ትከሻውን አላሸሸም።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ አየር ጤና መንገድ ላይ ካለው ቢሮዋ በር ቆማ ትጠብቅ ነበር። ሰላምታ እንኳ አላስጨረሰቻቸውም።

«በል፣ ወንዝ ዳር ነን እንበል። ውሃው ደፍርሷል፤ ዓሣው ታች ነው። ስጠኝ።»

ደግፌ ሳያይ ሦስተኛውን መሳቢያ ስቦ ማንኪያ የሚመስለውን ከባድ ብርማ ማባበያ መዳፏ ላይ አኖረው።

«ፀሐይ ወጣ። ውሃው ጠራ፤ ላይ ላዩን እየዘለለ ነው።»

ቃሏን ሳትጨርስ ትንሿ አረንጓዴ የእንጨት ዓሣ እጇ ላይ ነበረች። ሌላ አዘዘች፤ ሌላ ሰጣት። አንድም መንጠቆ ከሌላው አልተያዘም። ሆሳዕና ከኋላው ቆማ በየቃሉ ትንፋሿን ትይዝ ነበር። ከዚያ የሴትዮዋ ጣት ባዶዎቹ ክፍሎች ላይ ቆመ።

«እዚህ የነበሩትስ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለች ሆሳዕና ደግፌን ቀድማ። «ያምራል ብዬ ውስጡን ቫርኒሽ ቀባሁት። አቀለጣቸው። እሱ የለበትም፤ አስጠንቅቆኝ ነበር።»

ወይዘሮ ዘነበወርቅ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየች። መሳቢያውን ወደ ፊቷ አስጠግታ ገና እንጨት እንጨት የሚሸተውን ውስጡን በጣቷ ዳሰሰች።

«ሰኞ እንግዶች ይዘህ ወንዝ ትወርዳለህ» አለችው። «የጎደለውን ከዕቃ ቤት ሙላ። አንቺ ደግሞ እንዲህ ያለ አራት ሳጥን ሥሪልኝ። ውስጡን እንዳትቀቢ!»

የቢሮውን ደረጃ እንዴት እንደወረዱ ሁለቱም አያውቁም። ደግፌ እዚያው መንገዱ ዳር ስልኩን አወጣ። «ጋሼ፣ አልመጣም! አዎ፣ እዚሁ ቀረሁ! ቋሚ ሆንኩ!» ሲል ድምፁ ከታክሲው ጩኸት በላይ ነበር። ስልኩን ከተተና ዞረ። ወንዝ የማይፈራው ልጅ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

በእነሱ ጸሎት ቤቶች ሰው ሰውን ሲወድ ዘሎ ወደድኩሽ አይልም። «እንጸልይበት» ይላል። ከዚያ ወር ይጸለያል፣ ሁለት ወር ይጸለያል። አንዳንዱ ዓመት ይጸልያል፣ ልጅቷ እስክትሰለች። ደግፌም ሥርዓቱን ያውቃል።

«ሆሳዕና… እኔ… ማለቴ፣ አንቺ ፈቃድሽ ከሆነ… አብረን እንጸልይበት ወይ?»

«አንተ ጀምር» አለችው። ጉንጯ እየጋለ ነው፤ ዓይኗን ግን ከዓይኑ አልነቀለችም። «እኔ ከረቡዕ ጀምሬ ጸልዬ ዛሬ ጨርሻለሁ።»

ደግፌ ወደ እሷ ተጠጋ።

«ጨርሰሻል? እና… ምን መልስ አገኘሽ?»

«አሜን» አለችው።

ደግፌ የታክሲ ሰልፉ በሙሉ ዞሮ እስኪያያቸው ድረስ በደስታ ጮኸ።