ቢተው ያልጨረሰው ታሪክ

በዚያ ዓመት ክረምቱ ቀድሞ ገባ፤ አልወጣ አለ። ሰኔን ዘነበ፣ ሐምሌንም ዘነበ። የተዘራው ሁሉ በውሃ ተኝቶ በሰበሰ። ከብቱ ጭቃ ውስጥ እንደቆመ ከሳ። የሞተ ሰው እንኳ ደረቅ መሬት አላገኘም። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያሻግረውን ድልድይ ወንዙ ይዞት ሄደ፤ በአዲስ አበባ በኩል ያለውን መንገድ የተናደ ገደል ዘጋው። ሉማሜ መሐል ላይ እንደተቆለፈ ሳጥን ቀረች። ጨው አለቀ፤ ላምባም አለቀ።

ከተቆለፈባቸው መንገደኞች አንዱ መቶ አለቃ አካለ ወልድ ነበር። የፖሊስ መርማሪ ነው፤ ቀጭን፣ ንግግሩ አጭር፣ ዓይኑ የማያርፍ ሰው። ያደረው በሀጀራ ሻይ ቤት ጓሮ ካሉት ሁለት ክፍሎች በአንዱ ነው። በሌላኛው የጭነት መኪና ሾፌሩ ቢተው ያድራል።

ቢተው አዲስ አበባ በገባ ቁጥር ቴሌቪዥን ያለበት ቡና ቤት ተቀምጦ አንድ የፈረንጅ መርማሪ ድራማ ያያል። ሉማሜ ሲመለስ ያየውን ለሻይ ቤቱ ደንበኞች ይተርካል። መርማሪውን «ባርኔጣው» ይሉታል። ከአድማጮቹ ቴሌቪዥን በዓይኑ ያየ የለም፤ ስለ ባርኔጣው ግን ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ይከራከራሉ።

አንድ ምሽትም እንዲሁ ነበር። ቢተው አዲስ ታሪክ ይዟል፤ መቶ አለቃውም ጥግ ይዞ ይሰማል። አንድ ሰው ሩቅ አገር ለሥራ ሄደ ተብሎ ጠፋ፤ ባርኔጣው አላመነም፤ ፈልጎ ፈልጎ ሬሳውን ከአንድ ቤት ወለል ሥር፣ ከእህል ጉድጓድ ውስጥ አገኘው።

«ገዳዩ ወንድምየው ነው» አለ ጨርቅ ነጋዴው በሽር።

«ወንድምየው መመንኮስ የሚሻ ሰው ነው። ምን ይጠቀማል?» አሉ መሪጌታ ድረስ። መሪጌታ «ይህን ከንቱ ነገር አልሰማም» እያሉ ከሁሉ ቀድመው የሚቀመጡ ናቸው።

«ካልሰሙ መመንኮስ መሻቱን በምን አወቁ?» አለች ሀጀራ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። አረቄ አውጪዋ የብርጓልም እንዝርቷን አቁማ ሳቀች።

ቢተው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ጉድጓዱ ላይ ምን እንደተሠራበት፣ ማን እንደሠራው፣ ነገ።»

«ምን? ነገ?» ሀጀራ ማንኪያዋን ነቀነቀችበት። «ዛሬ ካልጨረስክልን በገዛ እጄ ነው የምገድልህ!»

ጠዋት ሻይ ልታቀብለው ገብታ ጮኸች።

አካለ ወልድ ከጎኑ ክፍል ወጥቶ ገባ። ቢተው መደቡ ላይ በጎኑ ተኝቷል። የታገለ አይመስልም። ከንፈሩ እንደ ሕያው ሰው ቀልቷል። ከእግሩ ሥር አመድ የሞላ የከሰል ማንደጃ አለ። አፉ አረቄ አረቄ ይላል፤ ጠርሙስ ግን በክፍሉ ውስጥ የለም። መቶ አለቃው ወደ ግድግዳው ቀና አለ። መተንፈሻ ቀዳዳው ጨልሟል።

ጓሮውን ዞረ። ቀዳዳው ከውጭ በጆንያ ቁራጭ ተወትፏል። በላዩ እበትና አመድ ተለውሶ ተለስኖበታል። የልስኑ ዳር ዙሪያውን በአውራ ጣት ተጭኗል፤ አንድም ስንጥቅ የለው። ክፈፉ ከዝናብ ጋርዶታል።

ተመልሶ ሀጀራን «የጮኽሽው እባብ አይተሽ ነው። ሌላ ነገር እንዳይወጣሽ» አላት። ለአጥቢያ ዳኛው ዘበኛም «ትናንት ማታ እዚህ የነበሩትን ጥራ። መቶ አለቃው ይፈልጋችኋል በል፤ ሌላ አትጨምር» አለው።

መጡ። በሽር ጃንጥላውን በር ላይ አራገፈ። መሪጌታ ጋቢያቸውን ከነራሳቸው ተከናንበው ገቡ። የብርጓል የነጠላዋን ጥለት አንገቷ ሥር ሰብስባ ባዶ እግሯን ጭቃ ረግጣ መጣች። መቶ አለቃው ሁሉንም እስኪቀመጡ ጠበቀና «ቢተው ሞቷል» አላቸው። መሪጌታ አማተቡ። በሽር «ኢናሊላሂ!» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። የብርጓል ደረቷን መታች።

አጥቢያ ዳኛው ደርሰው የትናንት ማታውን ዛቻ ሲሰሙ ጊዜ አላጠፉም። ከሰሉ የማን ነው? የሀጀራ። ክፍሉስ? የሀጀራ። እገድልሃለሁ ያለውስ ማን ነው? የሀጀራን ሁለት እጆች በገዛ ሻይ ቤቷ ምሰሶ ላይ አሰሩ።

«ውሃው ዛሬ መጉደል ጀምሯል» አሉ። «ሰው መሻገር ሲችል ደብረ ማርቆስ ትወርዳለች። እዚያ የሚጠብቃትን ታውቀዋለች።»

«እስከዚያ የእኔ ናት» አለ አካለ ወልድ።

ምሰሶው አጠገብ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«ማንደጃውን ማን አስገባው?»

«እኔ፣ ጌታዬ። ውጭ አቅልቼ፣ ጭሱ አልቆ ነው ያስገባሁት። ቀዳዳውን እንዳትደፍን ብዬዋለሁ። እኔ ልድፈን ብል ዝናብ ውስጥ ምን አስወጣኝ? ከውስጥ አልደፍነውም?»

«አረቄስ?»

«አረቄ እኔ ቤት? በአላህ!»

«ጠላት ነበረው?»

«ቢተው? ጠላት የለውም። ውለታ ነበረበት እንጂ። መኪናው ዓባይ በረሃ ተገልብጣ ስትነድ ረዳት ሆኖ አብሮት የተሳፈረ አስማማው የሚባል የዚሁ አገር ሰው ከእሳቱ ጎትቶ አወጣው። የእሱን ሳልመልስ አልሞትም ይል ነበር። አስማማው ሁመራ ከሄደ ሦስት ዓመቱ። ከዚያ የሚመጣ ሾፌር ሲያገኝ ሁልጊዜ ይጠይቃል፤ ያየው የለም።» እጇን ልታነሣ ሞከረች፤ ገመዱ መለሳት። «ጌታዬ፣ ቤቴን ማን ይዘጋዋል? ጀበናዬ እሳት ላይ ነው።»

በሽርን በረንዳ ላይ አገኘው።

«ሀጀራን ለጋብቻ ጠይቀህ ነበር ይባላል።»

«ጠይቄያለሁ። እምቢ ብላኛለች።» በሽር ፊቱን አዞረ። «ቢተውን ትወደዋለች ብለው ነው? የምትወደው ባርኔጣውን ነው! እኔ ጨርቅ ስለካ ‹ባርኔጣው ቢሆን አያጭበረብርም› ትለኛለች። ባላየሁት ፈረንጅ ቀንቼ ሰው ልግደል?»

መሪጌታ በፊናቸው ስለ ገዳዩ ማንነት ሐሳብ ነበራቸው፤ የጠቀሱት ግን የድራማውን ገዳይ ነው። አካለ ወልድ ታግሦ ሰማቸው።

የብርጓል ጥያቄውን በአክብሮት መለሰች። ዝናብ ነበር፤ ከዚህ ቤት ወጥታ በቀጥታ ቤቷ ገባች፤ ተኛች።

«ለቢተው አረቄ ሸጠሽለታል?»

«አልሸጥሁለትም፣ ጌታው።»

«በቤትሽ ሐዘን አለ? ዘመድ፣ ጎረቤት?»

«ኧረ እግዜር ይጠብቀኝ! የለም።»

«ደኅና» አለና ተነሣ።

ዘበኛው ከወንዝ ተመልሶ ውሃው ወገብ ድረስ መውረዱን ሲናገር ዳኛው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። መቶ አለቃው በሩን ዘጋ። ሁሉንም አስቀመጠና ራሱ በቢተው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ቢተው ታሪኩን ሳይጨርስ ሞተ። እኔ ልጨርስላችሁ።»

«ድራማውን ያውቁታል?» አለ በሽር፤ ሳያስበው ወንበሩን አስጠጋ።

«አዲስ አበባ ለሥልጠና በቆየሁበት ጊዜ አንድም ሳላስቀር አይቻለሁ። ባርኔጣው የሚሠራው ፎቅ በፎቅ ላይ በተደረበበት ከተማ ነው። እዚያ ዳቦ ከሱቅ ይገዛል። የእህል ጉድጓድ ያለው ቤት የለም። ይህን ታሪክ ባርኔጣው አልሠራውም፤ ቢተው ፈጥሮታል።»

«ለምን?» አሉ መሪጌታ።

«ከእናንተ አንዱ እንዲሰማው። ለሥራ ሩቅ አገር ሄደ የተባለ፣ ማንም ግን ያላየው ሰው በሉማሜ አለ። የየብርጓል ባል አስማማው፤ ባሏ መሆኑን ዳኛው ነግረውኛል።»

ሀጀራ ገመዱን ረስታ ወደፊት ተሳበች።

«ቢተው ጠርጥሯል፤ ማስረጃ ግን የለውም። ታሪኩን ተርኮ የሚደነግጠውን ሊያይ ፈለገ። የደነገጠው ሰው ግን ቀደመው። አረቄ ወሰደለት። እስኪተኛ ጠብቆ ጠርሙሱን አነሣ። ከዚያ ቀዳዳውን ከውጭ ደፈነ፤ የታፈነው የከሰል መርዝ በእንቅልፉ ገደለው። ቁልፍ ያላት ባለቤት ከውጭ አትደፍንም። በሽር ወይም መሪጌታ ቢሆኑ ጨርቅ ወትፈው ይሄዱ ነበር። ልስኑን ተመልከቱ። እበትና አመድ፣ ዳሩ በአውራ ጣት የተጫነ። አረቄ ሲወጣ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ የማሰሮው አፍ እንዲህ ነው የሚታሸገው። ጨለማ ውስጥ እንኳ እጅ የለመደውን ይሠራል።»

«አረቄ የማወጣው እኔ ብቻ ነኝ?» አለች የብርጓል።

«አይደለሽም። በዚህ ብቻ ቢሆን አልነካሽም ነበር። ጠዋት ስጠራችሁ ቢተው መሞቱን የነገራችሁ የለም። በሽር ጃንጥላ ይዞ መጣ። መሪጌታ ራሳቸውን ሸፍነው መጡ። አንቺ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ መጣሽ። ለዝናብ ከሆነ ራስ ይሸፈናል። ጥለት ወደ አንገት የሚዞረው ለለቅሶ ነው። ሐዘን አለብሽ ወይ ብዬ ጠየቅሁሽ፤ የለም አልሽኝ።»

የብርጓል እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ጥለቱ አሁንም እዚያው ነበር። ጣቷ እንደነካው ቀረ።

«አላወቅሁም» አለች ቀስ ብላ። «ስወጣ ለበስሁት… አላወቅሁም።»

መቶ አለቃው ወደ ዳኛው ዞረ። «ሰው ይላኩ። ቢተው ጉድጓዱ ላይ የተሠራ ነገር አለ ብሎ ነበር፤ የአረቄ ምድጃዋ ሥር ይቆፈር።»

«አይቆፈር» አለች። «እኔ እናገራለሁ። ጠጥቶ ይመታኝ ነበር። አንድ ቀን ገፋሁት፤ ራሱ ወፍጮ ድንጋይ ላይ አረፈ። ገፋሁት እንጂ አልገደልሁትም ብል ማን ያምነኛል? ጉድጓዱ ክፍት ነበር። ምድጃ ሠራሁበት። ሦስት ዓመት በላዩ ላይ እሳት አነድሁ። ቤቱን ጥዬ ልሂድ አልችል፣ ሌላ ሰው ያፈርሰዋል። አልቅሼ ሐዘን ልቀመጥ አልችል፣ ሁመራ ነው ብያለሁ። ቢተው ማታ ሲያወራ ያቺው ጉድጓድ እኔንም የዋጠችኝ መሰለኝ።»

«ቢተው ምን አደረገሽ?» አለች ሀጀራ ከምሰሶው።

የብርጓል ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ማንም ዝም በይ አላላትም።

ዳኛው የሀጀራን ገመድ ራሳቸው ፈቱ፤ ቋጠሮው አስቸገራቸው። እሷ የታሰረ እጇን እያሸች መጀመሪያ ያደረገችው የተቃጠለውን ጀበና ከእሳት ማውረድ ነው።

ከሰዓት በኋላ ምድጃው ፈርሶ የአስማማው አጥንት ወጣ። በሽር ከሱቁ ሁለት ነጭ አቡጀዲ አምጥቶ ለሁለቱም እኩል ቀደደ። መሪጌታ ሁለቱን በአንድ ጸሎት አሰናበቷቸው፤ ጎን ለጎን ተቀበሩ። ዝናቡ አላቆመም፤ ከቀብሩ የቀረ ግን የለም። የብርጓልም ወደ ወንዙ ከመወሰዷ በፊት በዘበኛ መሐል ቆማ ባሏን ስታስቀብር በሙሉ ድምጿ አለቀሰች።

ሀጀራ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ከአካለ ወልድ ጎን ቆማ አፈሩ እስኪያልቅ ተመለከተች።

«አስማማው ከእሳት አወጣው» አለች። «ቢተው ደግሞ ከጉድጓድ አወጣው። ተካክለዋል።»