የእሑድ ባዶ ቦታ

በገናው ቁልቁል መንሸራተት ሲጀምር እኔ መስኮቴ ላይ ነበርኩ። ሥራዬ ነው ማለት ይቻላል። ከማስተማር ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በእንግሊዝ ባሕር ዳርቻ ባለችው በሄስቲንግስ ከተማ የእኛን ዳገት ወጪና ወራጅ እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው የለም።

ታምሲን ላይኛው ፎቅ ላይ ልትኖር የገባችው በዚያው ቀን ነው። ደጃችን ላይ መኪና የምታቆምበት ስላጣች ታች ባሕሩ አጠገብ አቁማ፣ ሃርፕ የሚባለውን ከእሷ ቁመት የሚበልጥ ባለብዙ ክር በገና በባለ ጎማ ጋሪ ጭና ዳገቱን ትገፋ ነበር። በራችን ጋ ስትደርስ ቁልፍ ልትፈልግ እጇን ለቀቀች። ጋሪው ይህንኑ ሲጠብቅ የነበረ ይመስል ሸርተት አለ።

ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖረው ሩፈስ ወተት ገዝቶ እየወጣ ነበር። ወተቱን ጥሎ በገናውን በደረቱ ተቀበለው። ክሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ጮኹ። ከዚያ ሁለቱ፣ በገናው መሃላቸው እንደቆመ፣ በክሮቹ መካከል ተያዩ። ወተቱ ወደ ባሕሩ ይወርዳል፤ እነሱ ይተያያሉ።

«ደኅና ነሽ?» አላት በመጨረሻ።

«እኔ ደኅና ነኝ። የተመታኸው አንተ ነህ።»

«አልመታኝም፤ ተዋወቀኝ።»

እኔም በልቤ ይህ ነገር በቶሎ በፍቅር ያልቃል አልኩ። የመኪና ማቆሚያውን ነገር ረስቼው ነበር።

ቤታችን አሮጌ ባለ ሦስት ፎቅ ነው። እኔ ምድር ቤቱን፣ ሩፈስ መካከለኛውን፣ ታምሲን ላይኛውን ገዝተናል፤ መሬቱና ደጁ ግን የሦስታችን የጋራ ነው። በላያችን ባለቤት የሚባል ሰው የለም። ጣሪያው ቢያፈስ የሦስታችን ጣጣ ነው፤ አንድ ነገር ለመወሰንም ከሦስታችን የሁለታችን እጅ መነሣት አለበት። ደጁ ላይ ደግሞ አንዲት መኪና ብቻ የምታስቆም ቦታ አለች። ከታምሲን በፊት ላይኛው ፎቅ የነበሩት ሰውዬ መኪና አልነበራቸውም፤ እኔም የለኝም። ስለዚህ ሩፈስ ሲያቆምባት ማንም ምንም አላለም፤ የማን እንደሆነችም የተጻፈ ነገር የለም።

ታምሲን እሑድ ከሰዓት ባሕሩ ዳር ባለ አንድ ሆቴል እንግዶች ሻይ ሲጠጡ በገና ትጫወታለች። ስለዚህ ቦታዋን ለእሑድ ብቻ እንዲለቅላት ሩፈስን ጠየቀችው። ሩፈስ የመለሰላት መልስ እስከ ዛሬ ያስገርመኛል።

«ሌላውን ቀን ሁሉ ውሰጂው። እሑድን ግን አልችልም።»

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

የሚገርመው፣ እሑድ እሑድ የሱም መኪና እዚያ አትቆምም። ጠዋት ተነሥቶ ወደ ባሕሩ ይወስዳትና በእግሩ ይመለሳል። ከዚያ መጥረጊያ ይዞ ይወጣና ቦታዋን ቅጠል ሳይቀር ይጠርጋታል። ሲመሽ መኪናውን ያመጣል። ቀኑን ሙሉ ግን የተጠረገችው ቦታ ባዶዋን ትውላለች፤ እሱም መስኮቱ ላይ ይቆማል። ይህን ሳይ ሁለት ክረምት አልፎኛል፤ ማወቅ ፈልጌ ሆዴ ሲበላኝ ከርሟል።

ታምሲን ብጣሽ ወረቀት በመኪናው መስታወት ላይ ታስቀምጥለት ጀመር፤ እሱም በሯ ሥር ያስገባላት ነበር። በእኛ አገር ሰው ሲናደድ ንግግሩ ይለሰልሳል። መጀመሪያ «እባክህ» ነበር፤ ቀጥሎ «ካላስቸገርኩህ» ሆነ። «እርስዎን በጣም የማይከብድዎ ከሆነ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ነገሩ ወደ ደም ሊሄድ እንደሆነ ገባኝና ስብሰባ ጠራሁ።

ሳሎኔ ውስጥ ሻይና የሎሚ ኬክ አቀረብኩ። ታምሲን «እሑድ ቦታው የኔ ይሁን» ብላ እጇን አነሣች። ሩፈስ አላነሣም። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ ምክንያቱን ሳልሰማ እጄን አላነሣም» አልኳቸው።

ሩፈስ የሻይ ስኒው ውስጥ አፈጠጠ፤ ጆሮው ቀላ። ከባድ ነገር እንዳልሆነ፣ ግን ሊናገረው እንደማይችል አጉተመተመ። ታምሲን ኬኳን ጀምራ ትታ ወጣች። እኔ ቤት ኬክ ጀምሮ መተው በር በርግዶ ከመውጣት አያንስም።

በሚቀጥለው እሑድ ታምሲን ከሆቴሉ ስትመለስ ዝናብ ያካፋ ነበር። ከዳገቱ ግርጌ ሩፈስ ብርድ ልብስ ይዞ ቆሞ አገኘችው። ይህን ያጫወተችኝ ኋላ ራሷ ናት።

«ማቆሚያውን ከልክለኸኝ በገናዬን ልትገፋ መጣህ?»

«አዎ።»

«ለመሆኑ ጤነኛ ነህ?»

«እሑድ እሑድ እጠራጠራለሁ።»

ሳትወድ ሳቀች። በገናውን በብርድ ልብሱ ሸፍነው እሷ ከፊት እየሳበች፣ እሱ ከኋላ እየገፋ ወጡ። ከዚያ ወዲህ አንድም እሑድ አልቀረም። ዳገቱ ያደክማል፤ እነሱ ግን ቀስ በቀስ መውጣቱን አርዝመውት፣ መንገድ መሃል ቆመው የሚያወሩበትን ምክንያት አያጡም ነበር። እሱ ስለሚያስተምራቸው ሕፃናት ያወራታል፤ እሷ ሻይ ሲጠጡ ስለሚያንኮራፉ ሽማግሌዎች። ወደዳት፤ ወደደችው። ለማወቅ መነጽር እንኳ አላስፈለገኝም።

አንድ ቀን ግን ታምሲን እኔ ዘንድ ሻይ ስትጠጣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ አየሁት።

«ሴት ናት የሚጠብቀው» አለችኝ። «ቦታ ጠርጎ፣ መስኮት ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሌላ ምን ይሆናል? አንድ ቀን ትመጣለች። እኔ እስከዚያ በገና የምታስገፋው ጎረቤት ነኝ።»

ሻይ ጨመርኩላት። እኔም የማውቀው ነገር አልነበረም።

በኅዳር ወር አንድ እሑድ ማዕበል ተነሣ። ሆቴሉ መብራት ስለጠፋበት ታምሲንን ቶሎ አሰናበታት። ሩፈስ የሚጠብቃት በሌላ ሰዓት ነው። በገና ውኃ ከጠጣ እንጨቱ ይሰነጠቃል፤ እንጀራዋ ደግሞ እሱ ነው። መኪናዋን እየነዳች ዳገቱን ወጣችና ባዶዋ ቦታ ላይ አቆመች። አውርጄ ወዲያው እመለሳለሁ ብላ ነው። ቅናትም ሳይገፋት አልቀረም፤ ያቺ ሴት ከመጣች ትምጣ ያለች ይመስለኛል።

በገናውን ወደ ውስጥ እያስገባች ሳለ አንዲት አሮጌ ግራጫ መኪና ዳገቱን እያቃሰተች ወጣች። ደጃችን ስትደርስ ቆመች። ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ የታምሲንን መኪና አዩ፤ በሩን አዩ፤ ወደ ላይ መስኮቱን አዩ። ከዚያ መሪያቸውን አዙረው ቁልቁል ሄዱ።

ሩፈስ በካልሲው ደረጃውን ወርዶ ወጣ። ግራጫዋ መኪና ከመታጠፊያው ስትሰወር ብቻ ደረሰ። ዝናቡ እየወረደበት ቆሞ ቀረ።

«ማን ናቸው?» አለችው ታምሲን።

«አባቴ።»

ከዚያ ችግር የለም አላት፤ ደጋገመላት። ችግር የለም ብሎ የሚደጋግም ሰው ያለበትን ችግር ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ወጥቼ ሁለቱንም ጎትቼ ምድጃዬ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። እዚያ፣ ካልሲው እየጤሰ፣ ያልተናገረውን ሁሉ ተናገረ።

አባቱ አቶ ካት፣ ራይ በምትባል ጎረቤት ከተማ ውስጥ ሥጋ ቤት አላቸው። ልጃቸው እንዲወርሰው ነበር ሐሳባቸው። ልጁ የሕፃናት አስተማሪ ሆነ፤ ይባስ ብሎም ሥጋ መብላት ተወ። እናቲቱ በመካከል ሆና ስታስታርቅ ኖራ ሞተች።

«በቀብሯ ዕለት ቤቴን ልታይልኝ ና አልኩት» አለ ሩፈስ። «‹መምጣትስ በመጣሁ፣ እናንተ ሰፈር መኪና ማቆሚያ የለም› አለኝ። እሑድ እሑድ አለ አልኩት፤ ሥጋ ቤቱ የሚዘጋው እሑድ ነው። ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ። እንግዲህ ቦታዋን ባዶ የማደርገው ውሸታም እንዳልሆን ብዬ ነው።»

ታምሲን ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሩፈስ ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ፣ የሱ ዝምታ እንደሆነ ነገራት። አንዳቸው ሌላውን ለማጽናናት ሲታገሉ እኔ ሻይ ጣድኩ።

ማክሰኞ ዕለት ታምሲን በሬን አንኳኳች። ራይ እንደምትሄድ ነገረችኝ። እኔም ኮቴን ለብሼ ተከተልኳት፤ ለመርዳት ነው ብል ማንም አያምነኝም። ራይ ውስጥም መኪና ማቆሚያ የለም። ዞረን ዞረን ከከተማው ወጣ ብለን አቁመን በእግራችን ገባን።

አቶ ካት ሥጋ እየከተፉ ነበር። ታምሲን ሰላምታም ሳታስቀድም «እሑድ ቦታውን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለቻቸው።

«የምን ቦታ? እኔ መንገድ ተሳስቼ ነው በዚያ ያለፍኩት።»

«ቦታው እሑድ እሑድ ባዶ ነው» አለች። «ልጅዎ መኪናውን ባሕሩ ጋ አውርዶ፣ ቅጠሉን ጠርጎ፣ መስኮት ላይ ቆሞ ይውላል። እናቱ ከሞተች ጀምሮ። እኔ ከባድ ዕቃ አለኝ፤ ብለምነው ብለምነው ለኔ እንኳ አልለቀቀልኝም።»

ቢላዋው ቆመ። አቶ ካት እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፤ የተጠረገውን መልሰው ጠረጉት።

«ስፋቱ እንዴት ነው?» አሉ በመጨረሻ።

ታምሲን እጆቿን ዘርግታ አሳየቻቸው። ሰውዬው አንገታቸውን ነቀነቁ እንጂ እመጣለሁም አልመጣምም አላሉም። ቋሊማ ገዝተን ወጣን። በባዶ ተስፋ እንዳናቆስለው ብለን ለሩፈስ አልነገርነውም።

ዓርብ ማታ ስብሰባ የጠራው ሩፈስ ራሱ ነው። ቁጭ እንዳልን «ቦታው የታምሲን ይሁን» አለ። «እሑድም ጭምር። ከእንግዲህ የምጠብቀው የለኝም።» እጁንም አነሣ።

ታምሲን እጇ ከጭኗ ላይ አልተነሣም። አልፈልገውም አለች።

«ምክንያትሽ?» አልኳት፤ ደንብ ደንብ ነው።

«እንዲሁ» አለችና ዓይን ዓይኑን አየችው። እሱም አያት። ሻዩ ቀዘቀዘ።

እኔ ምክንያቱን ስለሰማሁ ሐሳብ አቀረብኩ፤ ቦታዋ እሑድ እሑድ ተጠርጋ ለሚመጣ እንግዳ ባዶ ትሁን። እኔና ታምሲን እጃችንን አነሣን። ሩፈስ ተሸነፈ። ታምሲን በዚያን ቀን ኬኳን ጨረሰች።

እሑድ ሰማዩ ጠራ። ሩፈስ ታምሲንን ሊቀበል ከበሩ ሲወጣ ግራጫዋ መኪና እያቃሰተች መጣች። አቶ ካት ወደ ፊት አሉ፣ ወደ ኋላ አሉ፣ እንደገና ወደ ፊት አሉ። ሩፈስ ባለበት ሐውልት ሆኖ ቀረ። በመጨረሻ ሰውዬው ወረዱ።

«ጠባብ ነው» አሉ።

«ነው» አለ ሩፈስ።

«ግን ገባ።»

«ገባ፣ አባዬ።»

አባትየው ከኋላ ወንበር ጥቅል አወጡና ሰጡት። «ሥጋ አይደለም፤ እንቁላል ነው» አሉት። ሩፈስ ጥቅሉን በሁለት እጁ ይዞ ማልቀስ ጀመረ። አባትየው ትከሻውን ያዙትና ባሕር ባሕሩን አዩ።

አባትየው ዓይናቸውን ወደ ዳገቱ የመለሱትም እንደዚያው ሆነው ነው። ታምሲን መንገዱ መሃል ደርሳ፣ ግራጫዋን መኪና ስታይ ጋሪውን በሰውነቷ ደግፋ ቆማ ነበር።

«ያቺ ከኔ ቋሊማ የገዛችው ልጅ አይደለችም?» አሉ።

ሩፈስ አባቱን አየ፤ ቁልቁል አየ። እንቁላሉን ደጁ ላይ ወጥቼ ለቆምኩት ለእኔ አስታቅፎ ሮጠ። አባትየው ቀስ ብለው ተከተሉት፤ እኔም እንቁላሉን ይዤ የምሰማበት ድረስ ወረድኩ።

«ራይ ሄደሽ ነበር?»

«ቋሊማ ልገዛ።»

«ሥጋ አትበዪም እኮ፤ እኔው ነኝ ያስተውኩሽ።»

ከበገናው ወዲያና ወዲህ ሆነው፣ እንደ መጀመሪያው ቀን፣ በክሮቹ መካከል ተያዩ።

«እወድሻለሁ» አላት። «ከዚያች ወተት ከደፋሁባት ቀን ጀምሮ። ያልነገርኩሽ መናገር ስለማልችልበት ነው።»

«እኔም እወድሃለሁ። ሁለተኛ ግን ‹እንዲሁ› እንዳትለኝ።»

ሊሳሙ ሲጠጉ አቶ ካት ጋሪውን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። «ልቀቁት፣ ይዤዋለሁ» አሉ፤ ማንም ግን አልሰማቸውም። ሰውዬው እያጉረመረሙ በገናውን ብቻቸውን እየገፉ ዳገቱን ወጡ፤ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ከኋላቸው ቀሩ።

ደጃፉ ላይ ሲደርሱ የአቶ ካት ትንፋሽ ተቆራርጦ ነበር።

«በየሳምንቱ ይህን ሁሉ ትገፋለች?» አሉኝ።

«በየሳምንቱ።»

«ደጇ ላይ ቦታ እያለ?»

«ቦታው የእርስዎ ነው» አልኳቸው።

አቶ ካት ባርኔጣቸውን አወለቁ። መኪናቸውን አዩ፤ ከታች እየሳቁ የሚመጡትን ልጆች አዩ።

«በሚቀጥለው እሑድ በባቡር እመጣለሁ» አሉ።

ባቡሩ ድሮም እንደነበረ አላነሣሁባቸውም።