የበኩራቱ እንጆሪ

የገዱ ሽማግሌዎች እሑድ እኔን ሊጠይቁ ሊመጡ፣ ሐሙስ ዕለት የእሱን ችግኝ አገድኩ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ሕሊና እባላለሁ። ደባርቅ ውስጥ የዕፅዋት ጤና ተቆጣጣሪ ነኝ። ከችግኝ ጣቢያ ወደ ገበሬ ማሳ የሚሄድ ተክል ሁሉ መጀመሪያ በእኔ እጅ ያልፋል። ንጹሕ ከሆነ እፈርማለሁ፤ ካልሆነ ካለበት አይንቀሳቀስም። ሰው ሥራዬን ቅጠል ማየት ብቻ ይመስለዋል።

ገዱንም ያወቅሁት በቅጠል ነው። ባለፈው ክረምት የእንጆሪ ችግኝ በእርጥብ ገለባ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ ቢሮዬ ገባ። ዳባት ላይ የራሱ ችግኝ ጣቢያ አለው። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ወደ ሳንቃ በር የሚወጡ ቱሪስቶች የሚያርፉባቸው ሎጆች እንጆሪ መግዛት ከጀመሩ ወዲህ፣ ገበሬው ችግኝ የሚለምነው እሱን ነው።

«እህቴ፣ እስቲ እነዚህን ተመልከችልኝ። ደኅና ናቸው» አለኝ።

«ደኅና መሆናቸውን ካወቅህ ለምን መጣህ?»

«አንቺ ካላልሽ ደኅና አይባሉም አሉኝ።»

እምቡጦቹን ቆራርጬ ውሃ ባለበት ሳህን ዘፈዘፍኩና «ነገ ና» አልኩት። ኔማቶድ የሚባሉት ትሎች በባዶ ዓይን አይታዩም። ካሉ ግን ከተቆረጠው እምቡጥ ወጥተው ውሃው ውስጥ ሲዋኙ በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። በማግስቱ መጥቶ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ ብዙ ቆየ።

«ምንም የለም እኮ።»

«ምንም ከሌለ ጥሩ ነው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን እያየሁ ነው?» ብሎ ቀና ሲል ፊቱ ፊቴ አጠገብ ነበር። ሳህኑን አንስቼ ውሃውን ደፋሁ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ክፍት በሆነ ቁጥር ከዳባት ይመጣል፤ መጀመሪያ ቅጠል ይዞ፣ ቀጥሎ አፈር ይዞ፣ በመጨረሻ ባዶ እጁን።

«ዛሬ የታመመው ምንድን ነው?» ስለው፣ «እኔ» ይለኛል።

እንዲህ ዓይነት ወሬ አልወድም። እሱ ሲለው ግን እስቃለሁ። ለምን እንደምስቅ አይገባኝም።

ሐሙስ ጠዋት፣ ገዱ ለመስኖ ተከላ ካዘጋጀው ችግኝ የወሰድኩትን ናሙና አየሁ። ይዋኛሉ። ቀጫጭን፣ ብርጭቆ የመሰሉ፣ ጉዳይ እንዳለበት ሰው የሚጣደፉ። ሌላ ናሙና አየሁ፤ እዚያም አሉ። ደውዬ አስመጣሁትና ወንበሩን ለቀቅሁለት። አየ። በዚያን ቀን አልቀለደም።

«መድኃኒቱስ?»

«ማሳ ከገባ የለውም። ከተክል ወደ ተክል በውሃ ይሻገራል። ቅጠሉ ይኮማተራል፣ ፍሬ አይይዝም። ችግኙ ይቃጠላል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ከዚህ ውስጥ ከጣቢያህ የወጣ አለ?»

«የለም።»

ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል ነው ያለው። አመንኩት።

አርብ ዳባት ወርጄ፣ ጉድጓድ አስቆፍረን፣ ችግኙን ከጭድ ጋር አቃጠልን። ገዱ እሳቱን በረጅም እንጨት ይቆሰቁሳል። አጠገቤ የቆሙት አባቱ መሪጌታ ይግዛው ናቸው። ከመንደሩ በላይ ባለው ደብር ዜማ ያስተምራሉ፤ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል።

«አይዞሽ ልጄ፣ ሥራሽን ነው የሠራሽው» አሉኝ። «እሑድ ሽማግሌዎቹን ይዤ የምመጣው እኔው ነኝ። በዚህ ቅር አልሰኝም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ የኔታ።»

«ደግሞስ በኩራቱ እንኳን ቀድሞ ወጣ! የደብሩ አትክልት ቦታ ላይ እንዴት አምሮበት እንደጸደቀ ብታዪው።»

«የቱ በኩራት?»

«ከዚሁ ከዘንድሮው ችግኝ ነዋ። እኛ ቤት የመጀመሪያው ለደብሩ ሳይሰጥ ምንም ለገበያ አይወጣም። ራሴ ነኝ ወስጄ ያስተከልኩት።»

ወደ ገዱ ሄድኩ። መሄዴን ሳይሆን መሮጤን ያወቅሁት ስደርስ ነው።

«የለም ብለኸኝ ነበር!»

«የወጣ የለም።»

«ደብሩ ጋ ያለውስ? ክንፍ አውጥቶ በረረ?»

ከልቡ ግራ የተጋባ መሰለ። «እሱ እኮ በኩራት ነው ሕሊና። በኩራት ከመጀመሪያውም የእኛ አይደለም። የእኛ ያልሆነ ነገር እንዴት ከእኛ ወጣ ይባላል?»

ፊቱን አየሁት። ውሸት ፈለግሁበት፤ አላገኘሁም። እውነትም አላገኘሁም። ትል ቢሆን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ እስኪወጣ እጠብቃለሁ። ሰውን ግን ምን ያደርጉታል?

«ዋሽተኸኛል ወይስ አልዋሸኸኝም?»

«ምን ብዬ ልመልስልሽ?»

«ከሁለቱ አንዱን!»

አባቱ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰኞ ይነቀል። እሑድ ብቻ ይለፍ። አባባ ደጃችሁ ይቁሙ፣ አባትሽም እሺ ይበሉ። ሰኞ አብረን እንነቅለዋለን።»

እሺ ልለው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ይህን የሚለኝ እኔን እንዳያጣ ነው ወይስ ነገሩን ሊያድበሰብስ? ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም።

«ነገ የመስኖው ተራ የማን ነው?» አልኩት።

«የታችኞቹ።»

ውሃው ወደ ታችኞቹ ገበሬዎች የሚወርደው የደብሩን አትክልት ቦታ አቋርጦ ነው። እነሱም እንጆሪ ተክለዋል። የተከሉትም ባለፈው ክረምት ንጹሕ ብዬ የፈረምኩለትን የገዱን ችግኝ ነው።

«እንግዲያው ነገ፣ ውሃው ሳይለቀቅ።»

«እሑድስ?»

ጉድጓዱን በአፈር አስደፈንኩና ወደ ደባርቅ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ጆንያ ይዤ ደብሩ ስደርስ የኔታ አትክልት ቦታው በር ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ተማሪዎቻቸው ከበዋቸዋል። ገዱ ከአጥሩ ውጭ ነበር።

«ልጄ፣ ለእመቤታችን የተሰጠ አይነቀልም» አሉኝ።

«የኔታ፣ ካልተነቀለ የታችኞቹ ማሳ ይጠፋል።»

«እሷ ትጠብቃቸዋለች።»

ለዚህ ምን ይመለሳል? ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩኝም። ቦዩን አየሁ፤ ውሃው ከላይ መልቀቂያው ጋ ደርሶ ይጠብቃል። ትዕግሥት ድሮም የለኝም።

«የኔታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ነውር ያለበት ነገር ለበኩራት ይቀርባል?»

ተማሪዎቹ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞሩ። መቋሚያቸውን ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራ አዛወሩት።

«አይቀርብም» አሉ በመጨረሻ።

ከዚያ በኋላ ማንንም አላስጠጉም። ራሳቸው ተንበርክከው እየነቀሉ፣ አፈሩን እያራገፉ ወደ ጆንያው ከተቱት። የአንዳንዱ ቅጠል መኮማተር ጀምሮ ነበር፤ እሳቸውም አይተውታል። ገዱ አጥሩን ተሻግሮ ገባና ጆንያውን ከእጄ ወሰደ። አባቱን እያየ ነው የያዘው። እኔን አላየኝም።

ሲጨርሱ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«እውነትሽን ነው» አሉኝ። «በተማሪዎቼ ፊት ግን አዋርደሽኛል። ነገ ደጃችሁ አልቆምም።»

ወደ ደባርቅ የተመለስኩት ማሸነፌን ይሁን መሸነፌን ሳላውቅ ነው። የተናገርኩት ስህተት አልነበረም፤ ራሳቸው እውነትሽን ነው ብለዋል። ታዲያ ለምን አፈርኩ? በሚኒባሱ ውስጥ እስከ መናኸሪያ ሳስበው ቆየሁ።

እሑድ ከሰዓት አባቴ ጋሽ ገሠሠ አግዳሚ ወንበሮቹን ደርድሮ ተቀመጠ። ጡረታ የወጣ የፓርክ ስካውት ነው፤ መጠበቅ ይችልበታል። አልነገርኩትም። እንዴት እንደሚነገር አላውቅም ነበር።

በሩ ተንኳኳ። ገዱ ነው፣ ብቻውን። ግቡ ተብሎ እንደገባ ሽማግሌ ወንበሩን አልፎ መሐል ቆመ።

«ሽማግሌዎቹስ?» አለ አባቴ ከኋላው እያየ።

«የሉም ጋሼ። አባቴ አልመጣም አሉ። እኔ መጣሁ።»

«ለራሱ ሽማግሌ ሆኖ የመጣ ሰው ደግሞ ዛሬ አየሁ! ፓርኩ ውስጥ ጨነቅ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ጭላዳ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ጭላዳ እንኳ እንዲህ አያደርግም። በል ተቀመጥ።»

«መልስ ሳላገኝ አልቀመጥም።» ወደ እኔ ዞረ። «አርብ የጠየቅሽኝን ልንገርሽ። ሐሙስ ስትጠይቂኝ በኩራቱ ትዝ ብሎኝ ነበር። አይቆጠርም ብዬ ለራሴ ነገርኩት፣ አመንኩትም። ይሄ ውሸት ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«እኔም እንጃ።»

ተናደድኩበት። ደግሞ ከአርብ ጀምሮ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነሳልኝ። ሁለቱ አንድ ላይ እንዴት እንደሚሆኑ አልገባኝም። ዓይኔን ዝቅ አደረግሁ፤ የጫማው አፍንጫ ላይ የደብሩ አፈር ደርቆ ይታያል።

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አለ አባቴ። «የምሰማው ሽማግሌ ሲመጣ ነው። የኔታ ይግዛው ደጄ ካልቆሙ ልጄን አልሰጥም።»

«አይመጡም ጋሼ።»

«እንግዲያው አለቀ።»

ተነስቼ ነጠላዬን ከሚስማሩ አወረድኩ።

«ወዴት ነው?» አለ አባቴ።

«ዳባት። የኔታን ይቅርታ ልጠይቅ። ስለ ችግኙ አይደለም፤ በተማሪዎቻቸው ፊት ስላፋጠጥኳቸው። ከዚያ ልጃቸውን እጠይቃቸዋለሁ።»

«ልጃቸውን ምን?»

«ለእኔ እንዲሰጡኝ።»

«ሴት ልጅ ሽማግሌ ሆና! አገሩ ምን ይለናል?»

«የፈለገውን ይበል አባዬ።»

ገዱ ሊከተለኝ ተንቀሳቀሰ።

«አንተ እዚያው ቁም» አልኩት። «ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይወጣም።»

ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። አባቴ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን እያየ አፉን ከፍቶ ቀረ። ዳባት ደርሼ ከየት እንደምጀምር አላውቅም ነበር። ወጥቼ በሩን ዘጋሁት።