ልጄ የቀረበት ቤት

ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ መብታችሁ ነው። እኔ ግን ቦታው ላይ ነበርኩ።

እሁድ ቀን፣ ስድስት ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ። እኔና ባሌ የሚከራይ ባዶ ቤት ልናይ ሄድን።

ያን ሰሞን በድን ነበርኩ። ትንሹ ልጃችን ማሙሽ ከሞተ ወዲህ አላለቅስም፣ አልስቅም። ባሌ "ከዚያ ቤት ካልወጣን አንቺም ታልቂብኛለሽ" ይለኛል። እኔ ደግሞ ማሙሽ የተኛበትን ክፍል ትቼ የትም መሄድ አልፈለግኩም።

የድሮው ቤት ለሥራ ይቀርባል። ግን ጎረቤት ሲያስነጥስ "ይማርህ" የምንለው እኛ ነን። አዲሱ ሰፊ ነው፣ ፀጥ ያለ ነው... ግን ሩቅ ነው።

ደላላው በሩን ከፍቶልን ደጅ ቀረ።

"አይገቡም?"

"እናንተ እዩት እህቴ... እኔ አውቀዋለሁ።"

ባሌ ግንበኛ ነው። ቤት ስናይ ልማድ አለን። እሱ አንዱ ክፍል ገብቶ ግድግዳውን ያንኳኳል፣ እኔ ከወዲህ ሰምቼ እመልስለታለሁ። ድምፅ የሚያሳልፍ ከሆነ ቤቱን እንተወዋለን።

እሱ ጓዳ ገባ። እኔ ሳሎን ቆምኩ።

ኳ... ኳ...

መለስኩለት።

ኳ... ኳ...

ድምፁ ዝቅ ካለ ቦታ ነው የሚመጣው። ከጉልበቴ በታች።

"ምን ያስጎነብስሃል?" አልኩት።



ዞር ብዬ በመስኮት ሳይ ባሌ ግቢ ውስጥ ቆሞ የውሃ ታንከሩን ያያል። ለካ በጓዳ በር ወጥቷል።

መጮህ ነበረብኝ። ግን ፍርሃት አልተሰማኝም። ተንበረከክኩና አፌን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ።

"ማሙሽ... እዚህ ነህ?"

ኳ።

ባሌ ተመልሶ "ድምፅ ያሳልፋል?" አለኝ።

"አያሳልፍም። እንከራየው።"

"ሩቅ ነው ስትዪ አልነበር?"

"ይሁን።"

በሳምንቱ ጠዋት ዕቃችን መኪና ላይ ተጫነ። የድሮውን ቤት ስለቅ አልከፋኝም። ልጄ አዲሱ ቤት ቀድሞኝ ገብቷል ብዬ ነበር።

ባሌ የምንለቀውን ቤት ክፍሎች ሁሉ ፈትሾ ወጣ። ማንም የለም። በሩን ዘግቶ ቁልፉን ከኪሱ ሲያወጣ...

በሩ ከውስጥ ተቀረቀረ።

ገፋው። እምቢ አለ።

"ውስጥ ማን ቀረ?" አለኝ።

ስልኬ ጠራ። ደላላው ነው።

"እህቴ... አዲሱ ቤት በር ላይ ቆሜ እየጠበቅኳችሁ ነው። ይሄን ልጅ ብቻውን ነው እንዴ የላካችሁት? መስኮቱ ላይ ቆሞ እጁን ያውለበልብልኛል..."

ልመልስለት አፌን ስከፍት የቀሚሴ ጫፍ ተያዘ።

ወደ ታች አየሁ።

ከበሩ ሥር በወጡ ትንንሽ ጣቶች መካከል ነበር... ጭብጥ አድርገው ይዘውታል።