ዘግይቶ የሚጎርሰው አባ ኮዳ

ዓሣው ዳግመኛ የእንጨቱን አባ ኮዳ ግንባር በጥፊ አለው። ከቆርቆሮ የተቆረጠ ትንሽ ዓሣ ቢሆንም ድምፁ የዋዛ አልነበረም፤ ቤተ ሙከራው ውስጥ የነበሩት የሳይንስ ክበብ ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሐዳሳም አብራ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን የክበቡ ኤግዚቢሽን ነገ መሆኑ ትዝ አላትና ፊቷ ጭፍግግ አለ።

ሐሳቡ የእሷና የጓደኛዋ የክብሩ ነበር። ሁለቱም ሐይቅ ዳር ነው ያደጉት። ዓሣ አጥማጆቹ ትርፍራፊ ሲወረውሩ ያ ራሰ በራ ግዙፍ ወፍ፣ አባ ኮዳ፣ እንዴት ቀልቦ እንደሚውጥ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሲያዩ ኖረዋል። ይህንኑ በእንጨትና በሞተር ሊሠሩት ተነሡ። የክብሩ የእንጨት ሰውዬ በክር የታሰረውን ዓሣ ያነሣል፣ ይወረውራል፣ መልሶ ይስባል። የሐዳሳ ወፍ ደግሞ ዓሣው ሲነሣ ጎንበስ ማለት፣ ሲወረወር ምንቃሩን ከፈት ማድረግ፣ ሲሳብ ቀና ማለት አለበት።

ሰውዬውም ወፉም የየራሳቸው ሰርኪዩት አላቸው። በእያንዳንዱ ሰርኪዩት ላይ የክበቡ ልጆች «ሰዓት» የሚሏት ቺፕ አለች፤ ሥራዋ እንደ ከበሮ መምታት ብቻ ነው። እሷ በመታች ቁጥር ሰውዬው ወይም ወፉ ወደሚቀጥለው እርምጃ ያልፋል። ሲጀምሩ ሲያምሩ! ጥቂት ሲቆዩ ግን ወፉ ወደ ኋላ ይቀራል። ዓሣው ሲመጣ አፉ ዝግ ነው፤ ዓሣው ከሄደ በኋላ ወለል አድርጎ ይከፍተዋል።

ክብሩ ወፉ ፈዛዛ ነው አለ። ሐዳሳም ሰውዬው ነው የሚጣደፈው ብላ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ስትል ተረተችበት። የክበቡ ኃላፊ መምህር ደምሴ መጥተው ሁለቱንም ፈተሹና ማንም አላጠፋም አሉ። ፍጹም እኩል የሚመቱ ሁለት ሰዓቶች የትም አይገኙም፤ ልዩነቷ የፀጉር ያህል ብትቀጥንም እየተጠራቀመች መሄዷ አይቀርም።

«አንድ ሰዓት ይበቃችኋል» አሏቸው። «አንዱን ንቀሉትና ሁለቱም በቀረው ይመሩ። የማን ይነቀል የሚለውን ግን እኔ አልፈርድም።»

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ክብሩ የእኔ አይነቀልም አለ። ሐዳሳም እንዲሁ፤ እንዲያውም እሷ ትብሳለች። ያቺን ሰዓት ለማስመታት ስንት ቺፕ አቃጥላለች፣ ስንቴ ገልብጣ ሰክታለች፣ ተደብቃም አልቅሳለች። ሰዓቷ መጀመሪያ የመታች ዕለት ሐዳሳ ጎረቤት እስኪደነግጥ ነው በደስታ የጮኸችው። አሁን እሷን ነቅሎ በክብሩ ሰዓት መመራት ሞት ሞት ሸተታት።

ክብሩ ዘዴ አላጣም። «አቦ ችክ አትበይ» አላት። «እንግዳ በመጣ ቁጥር ሁለቱንም አጥፍተን እኩል እናስነሣቸዋለን። ሳይዛነፉ እንግዳው ይሄዳል። ማን ያውቃል?»

ለመምህር ደምሴም ተስተካክሏል ብሎ ነገራቸው። ሐዳሳ እየሰማች ወፏን መወልወሏን ቀጠለች። ሰዓቷ አልተነካችባትማ!

በማግሥቱ ሰዉ ሁሉ እነሱ ጠረጴዛ ላይ ተረባረበ። ሰውዬው ይወረውራል፣ ወፉ ይጎርሳል፣ ሰው ይስቃል። ክብሩ በየመሀሉ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ሰዶ ያጠፋና ያበራል። ዘዴው ሠራ። ከዚያ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች መጡና ወለሉ ላይ ዘርፈጥ ብለው ተቀመጡ። እነሱ እንደ ሌላው እንግዳ አይተው የሚሄዱ አይደሉም፤ ይደገም፣ አሁንም ይደገም አሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ዓሣው ጧ! አድርጎ የወፉን ግንባር መታው። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ክብሩ ተሽቀዳድሞ አጠፋው።

«ለምን አጠፋኸው?» አለች አንዷ። «እርቦታል እኮ።»

ሐዳሳ ወፏን አየችው። እውነትም አፉን ከፍቶ ባዶውን ቀርቷል፤ አሳዘናት። ወረንጦውን አነሣችና የገዛ ራሷን ሰዓት ነቅላ ኪሷ ከተተቻት።

ክብሩ ዓይኑ ፈጠጠ። እሷ ግን ሽቦ እንዲያቀብላት ጠየቀችው። ከእሱ ሰዓት ወደ ወፉ ሰርኪዩት ሽቦውን ዘረጉ፤ ሁለቱንም በአንድ ማብሪያ አገናኙና አስነሧቸው። ዓሣው ተወረወረ፤ ወፉ ጎረሰ። ደግሞ ተወረወረ፤ ደግሞ ጎረሰ። ልጆቹ አብረው «ዋጥ! ዋጥ!» ይሉ ጀመር። ሐዳሳ ደስታው አላስችል ብሏት እሷም አብራ «ዋጥ!» አለች።

ጫጫታው መምህር ደምሴን ጠራቸው። ጎንበስ ብለው ባዶውን የቺፕ ቦታ አዩና የቀረው ሰዓት የማን እንደሆነ ጠየቁ።

«የክብሩ ነው» አለች ሐዳሳ።

ክብሩ አንገቱን ደፋ። ትናንት ተስተካክሏል ያላቸው ውሸት እንደነበረ፣ የራሷን ሰዓት የነቀለችውም ሐዳሳ መሆኗን ሳይጠየቅ ነገራቸው። መምህር ደምሴ ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ልጆቹ «ዋጥ!» ሲሉ ሳቅ አመለጣቸውና የክብሩን ትከሻ መታ መታ አድርገው ሄዱ።

ልጆቹ ገና አልተነሡም። ክብሩ ወደ ሐዳሳ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከምሳ በኋላ የኔን ነቅለን ያንቺን እንሰካ። ተራ በተራ ይሁን፤ የምሬን ነው።»

ሐዳሳ እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ ቺፗን ዳበሰቻት። ዓሣው ተወረወረ። አባ ኮዳው በሰዓቱ ጎንበስ፣ ከፈት፣ ዋጥ አደረገ።

«ተወው» አለችው። «እየበላ ነው።»